ጊልበርት ብሪግስ (1890–1978)፦ ስፒከርን በቤት የመሥራት ዕውቀትና ለባሌ ደጋ ያለው ፋይዳ

መግቢያ

ጥራት ያለው የድምፅ መሣሪያ በፋብሪካ ብቻ የሚመረት፣ በብዙ ገንዘብ ብቻ የሚገኝ ዕቃ ነው የሚል አስተሳሰብ በስፋት ይታያል። ይህ አጭር ጽሑፍ የእንግሊዛዊውን ስፒከር ሠሪ የጊልበርት አርተር ብሪግስን ሕይወት በመከተል አስተሳሰቡን ይመረምራል። ብሪግስ የራሱ ፋብሪካ የነበረው ሰው ነው፤ ሆኖም ሰዎች ጥሩ ስፒከር በቤታቸው እንዴት ሊሠሩ እንደሚችሉ በተከታታይ መጻሕፍት አስተምሯል። ጽሑፉ ሁለት ጥያቄዎችን ያነሣል። አንደኛው፣ አንድ አምራች የሙያውን ምሥጢር ለገዢው ለምን ይገልጣል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ለዝቅተኛ ቦታ ነዋሪዎች የተጻፈ መመሪያ እንደ ሮቤና ጎባ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ ምን ያህል ይሠራል የሚለው ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጨርቅ ንግድ ወደ ድምፅ ሥራ

ብሪግስ በ1890 በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሸር ግዛት፣ በብራድፎርድ አቅራቢያ ተወለደ። ብራድፎርድ በዚያ ዘመን በሱፍና በጨርቃ ጨርቅ ሥራ የታወቀች ከተማ ስለነበረች፣ እርሱም የጎልማሳነት ዕድሜውን በዚሁ ንግድ አሳለፈ። መደበኛ የምሕንድስና ትምህርት አልነበረውም። ወደ ድምፅ ሥራ የሳበው የሙዚቃ፣ በተለይም የፒያኖ ፍቅር ነው። ፒያኖ በአንድ ጊዜ እጅግ ወፍራምና እጅግ ቀጭን ድምፅ ስለሚሰጥ፣ ምቱም ድንገተኛ ስለሆነ፣ የስፒከርን ጉድለት ፈጥኖ ያጋልጣል። ብሪግስ የራዲዮና የሸክላ ማጫወቻ ድምፅ በቤቱ ካለው ፒያኖ ድምፅ ምን ያህል እንደሚርቅ በጆሮው የሚያውቅ ሰው ነበር።

ስፒከር በዚያን ጊዜ አዲስ ነገር ነበር። ዛሬም የምንጠቀምበት ዓይነት፣ ማለትም በማግኔት መካከል የሚንቀሳቀስ የሽቦ ጥቅል ሾጣጣውን ወረቀት የሚገፋበት አሠራር፣ በ1925 በአሜሪካውያኑ በቼስተር ራይስና በኤድዋርድ ኬሎግ ሥራ መልክ ከያዘ ገና ጥቂት ዓመታት አልፈውት ነበር። የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ የጨርቃ ጨርቁን ንግድ ሲያናጋው፣ ብሪግስ አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ ሙያውን ለወጠ። በ1932 በኢልክሊ ከተማ በሚገኘው መኖሪያ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ስፒከር መሥራት ጀመረ። ለድርጅቱም የዋርፍ ወንዝ በሚያልፍበት ሸለቆ ስም ዋርፍዴል የሚል መጠሪያ ሰጠው። በ1933 በብራድፎርድ የራዲዮ ማኅበር ውድድር ስፒከሮቹ አንደኛና ሁለተኛ ሆኑ። ከዚህም በኋላ ሥራው ከመኖሪያ ቤት ወጥቶ ወደ ፋብሪካ ተሸጋገረ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት በ1945፣ ወፍራሙን ድምፅ ለአንድ ትልቅ ስፒከር፣ ቀጭኑን ደግሞ ለሌላ ትንሽ ስፒከር የሚያከፋፍል ባለ ሁለት መንገድ መሣሪያ አቀረበ። ይህ በብሪታንያ ከዓይነቱ ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው።

መጻሕፍቱና ዓላማቸው

ብሪግስን ከሌሎች አምራቾች የሚለየው በ1948 ስለ ስፒከር አሠራር ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ቀጥሎም በ1949 ስለ ድምፅ ማባዛት፣ በ1951 ስለ ፒያኖ፣ በ1956 ለጀማሪዎች ስለ ጥራት ያለው ድምፅ፣ በ1962 ደግሞ ስለ ስፒከር ሳጥን አሠራር ጻፈ። አጻጻፉ ቀልድ ያለው፣ ከሒሳብ ቀመር ይልቅ በሥዕል፣ በመለኪያ ውጤትና በማዳመጥ ልምድ ላይ የተመሠረተ ነበር። የቤት ሠሪው ሊያውቀው የሚገባው ዋና ነገር ቁጥር ብቻ ሳይሆን ምክንያት መሆኑን ተገንዝቦ ነበር።

ከምክንያቶቹ አንዱን ማየት ይበቃል። ሾጣጣው ወረቀት ወደፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለውን አየር ይጨምቃል፤ ከኋላው ያለው አየር ግን በዚያው ቅጽበት ይሳሳል። የ40 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 8.5 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የፊቱና የኋላው ሞገድ በስፒከሩ ጠርዝ ዞረው ተገናኝተው እርስ በርስ ይጣፋሉ። እንግዲህ ሳጥን ጌጥ አይደለም፤ የኋላውን ሞገድ ከፊቱ የሚለይ የመሣሪያው አካል ነው። ይህን የተረዳ ሰው ሳጥኑን ከማንኛውም ጠንካራ ነገር ሊሠራው ይችላል።

ብሪግስ ይህን ዕውቀት የገለጠው በልግስና ብቻ ነው ማለት ግን ታሪኩን ማቅለል ይሆናል። ዋርፍዴል ሳጥን የሌላቸውን ስፒከሮች ለብቻቸው ይሸጥ ነበር። ሳጥን መሥራት የቻለ አንባቢ ደግሞ ስፒከር ገዢ ይሆናል። ስለዚህ ዕውቀትን ማካፈልና ገበያን ማስፋት በብሪግስ ዘንድ አልተጋጩም። አምራቹ ለራሱ ያስቀረው በቤት ሊሠራ የማይችለውን ማግኔቱን፣ የሽቦውን ጥቅልና ሾጣጣውን ወረቀት ነው፤ አናጺ፣ ግንበኛ ወይም ተማሪ ሊሠራው የሚችለውን ግን ለባለቤቱ ተወለት።

የአዳራሽ ማሳያዎቹ

በኅዳር 1954 ብሪግስ በለንደን ሮያል ፌስቲቫል ሆል ታላቅ ማሳያ አዘጋጀ። ሦስት ሺህ ገደማ ሰው በሚይዘው አዳራሽ ውስጥ ሙዚቀኞች በአካል ሲጫወቱና የተቀዳ ሙዚቃ በስፒከር ሲሰማ ሕዝቡ እንዲያነጻጽር ተደረገ። አምፕሊፋየሮቹን ያቀረበው ኳድ የተባለውን መሣሪያ የሚሠራው ፒተር ዎከር ነበር። በቤት ውስጥ ለማዳመጥ የተሠሩ መሣሪያዎች ያንን ሰፊ አዳራሽ መሙላታቸው ብዙዎችን አስገረመ። በጥቅምት 1955 ተመሳሳይ ማሳያ በኒው ዮርክ ካርኔጊ ሆል ቀረበ።

ከዛሬ የምርምር ዘዴ አንጻር ሲታዩ እነዚህ ማሳያዎች ፈተና ለመባል ይቸግራሉ። አድማጩ የትኛው በአካል የሚቀርብ፣ የትኛው የተቀዳ እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ የሚሰማውን ሙዚቃ የመረጠውም አዘጋጁ ራሱ ነበር። አዳራሹ የራሱን የገደል ማሚቶ ለሁለቱም ስለሚጨምር፣ ልዩነታቸው ይጠባል። ያም ሆኖ ማሳያው አንድ ቁም ነገር አጽንቷል፤ የስፒከር መመዘኛ ሌላ ስፒከር ሳይሆን ሕያው መሣሪያና ሕያው ድምፅ ነው። ብሪግስ በዚህ አቋሙ እስከ መጨረሻ ጸንቷል።

አሸዋና ጡብ

የቤት ሠሪውን በቀጥታ የሚመለከተው የብሪግስ ሥራ የሳጥን ንዝረትን ለመግታት ያደረገው ጥረት ነው። ቀጭን ጣውላ ከስፒከሩ ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ የራሱንም ድምፅ በሙዚቃው ላይ ይጨምራል። ብሪግስ ሁለት ስስ ኮምፔንሳቶዎችን አራርቆ በመካከላቸው ደረቅ አሸዋ ሞላ። የአሸዋው ቅንጣቶች እርስ በርስ ሲፋተጉ የንዝረቱ ኃይል ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። በ1950ዎቹ አጋማሽ ዋርፍዴል በዚሁ መንገድ የተሠራ፣ ሦስት ስፒከሮች ያሉትና ከኋላው ክፍት የሆነ ሰሌዳ ለገበያ አቀረበ። ብሪግስ ከዚህም አልፎ በክፍል ማዕዘን ላይ በጡብ የሚገነባ የስፒከር ሳጥንን ለአንባቢዎቹ አስተዋወቀ። ጡብ ከባድ ስለሆነ ከጣውላ ይልቅ ጸጥ ይላል።

ብሪግስ ዋርፍዴልን በ1958 ለራንክ ድርጅት ሸጠ፤ በ1965 ከሥራ ተገልሎ በ1978 አረፈ። አብሮት ይሠራ የነበረው ሬይመንድ ኩክ በ1961 ኬኢኤፍ የተባለውን ድርጅት መሠረተ። የሳጥን ንድፍን በትክክለኛ ስሌት ያስቀመጡት ግን በአውስትራሊያ ይሠሩ የነበሩት ኔቪል ቲል በ1961፣ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባሳተሟቸው ጥናቶች ነው። ከዚያ ወዲህ የብሪግስ የሙከራ ዘዴ ሁለተኛ ደረጃ ያዘ።

መመሪያው በባሌ ደጋ

ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል፣ ጎባ ደግሞ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በሮቤ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 74 በመቶ ያህል ነው፤ በጎባ 72 በመቶ ያህል ይሆናል። ይህ ልዩነት በስፒከር ሥራ ላይ ሦስት ነገሮችን ያስከትላል።

አንደኛ፣ በዝግ ሳጥን ውስጥ ያለው አየር እንደ ስፕሪንግ ሆኖ ሾጣጣውን ወረቀት ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ የዚህ ስፕሪንግ ጥንካሬ ከአየር ግፊት ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ በሮቤ የተሠራ 50 ሊትር ዝግ ሳጥን በባሕር ጠለል እንዳለ 68 ሊትር ገደማ ሳጥን ሆኖ ይሠራል። ለዝቅተኛ ቦታ የተዘጋጀን ሠንጠረዥ የሚከተል ሠሪ ይህን ካወቀ ሳጥኑን በአንድ አራተኛ ያህል አሳንሶ ተቀራራቢ ውጤት ያገኛል፤ ጣውላም ይቆጥባል። ሁለተኛ፣ ቱቦ ያለው ሳጥን የሚቃኝበት ድምፅ የሚወሰነው በሳጥኑና በቱቦው መጠን እንዲሁም በድምፅ ፍጥነት ነው። የድምፅ ፍጥነት ደግሞ በሙቀት እንጂ በግፊት አይለወጥም። በመሆኑም የቱቦ ርዝመት ሠንጠረዦች በደጋውም ያገለግላሉ። ሦስተኛ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው የወረቀቱ እንቅስቃሴ የሚፈጥረው የድምፅ ግፊት በአንድ አራተኛ ያህል ይቀንሳል። ይህን ለማካካስ አምፕሊፋየሩ ተጨማሪ ጉልበት መስጠት፣ ወረቀቱም በሰፊው መንቀሳቀስ ይኖርበታል፤ አነስተኛ ስፒከር በወፍራም ድምፅ ላይ ቶሎ የሚጨነቀው ለዚህ ነው።

ከስሌቱ በላይ የሚከብደው የቁሳቁስ ጥያቄ ነው። የባሌ ደጋ ጽድና ኮሶ የተከበሩ ዛፎች ናቸው፤ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም ከሚጠብቃቸው ሀብቶች መካከል ናቸው። ወፍራም የጽድ ጣውላ ለስፒከር ሳጥን ማዋል ቴክኒካዊ ጥቅሙ ትንሽ፣ ጉዳቱ ግን ለትውልድ የሚተርፍ ነው። የብሪግስ አሸዋና ጡብ እዚህ ላይ አዲስ ትርጉም ያገኛሉ። አንድ ካሬ ሜትር ስፋትና አንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የደረቅ አሸዋ ንጣፍ 16 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በሁለት ስስ ኮምፔንሳቶዎች መካከል ሲገባ ያለ ወፍራም ጣውላ የሚፈለገውን ክብደትና ጸጥታ ይሰጣል። ዝናብ በማይለየው ደጋ አሸዋውን አስቀድሞ በፀሐይ ወይም በእሳት ማድረቅ ግን ግድ ነው፤ እርጥብ አሸዋ ኮምፔንሳቶውን ያበሰብሳል፣ ምስማሩንም ያዝጋል።

ማጠቃለያ

የብሪግስ ሕይወት ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል፣ ያለ መደበኛ ትምህርት በጆሮው፣ በእጁና በትዕግሥቱ ሙያን ያሳደገ ሰው ነው። በሌላ በኩል፣ ስሌቱን ለሌሎች የተወ፣ ማሳያውንም ከጥብቅ ፈተና ይልቅ ለአድናቆት ያዘጋጀ ነጋዴ ነው። ያም ቢሆን ምክንያቱን አስረድቶ ሥራውን ለባለቤቱ መተዉ ከድርጅቱ ስም በላይ ዘላቂ ሆኗል። በሮቤ ወይም በጎባ ከአሮጌ መኪና የወጣ ስፒከር ይዞ ሳጥን ለመሥራት የሚነሣ ሰው የብሪግስን ልኬት እንዳለ ቢገለብጥ ይሳሳታል፤ ምክንያቱን ተረድቶ ከአየሩ፣ ከአሸዋውና ከጡቡ ቢነሣ ግን ትክክለኛ ደቀ መዝሙሩ ይሆናል። ለፊዚክስና ለምሕንድስና ተመራማሪዎቻችንም በዚህ ውስጥ ያልተነካ ሥራ አለ። በከፍታ ቦታ ላይ የተለኩ የስፒከር ሠንጠረዦችን አዘጋጅቶ በአገር ቋንቋ ማሳተም ውድ መሣሪያ ሳይጠይቅ በደጋው በራሱ ሊከናወን የሚችል ምርምር ነው።