ሌሊቱን ያበሩ መሐንዲስ፤ ፕሮፌሰር ሃሮልድ ኤጀርተን

በጠራ ሌሊት ከከዋክብት ሥር የቆመን ሐውልት ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚሻ ሰው የማይታረቁ የሚመስሉ ሁለት ፍላጎቶች ይገጥሙታል። ከዋክብቱ ደብዛዛ ስለ ሆኑ የካሜራው መዝጊያ ለብዙ ሰከንድ ተከፍቶ መቆየት አለበት። ሐውልቱ በበኩሉ መብራት ካልደረሰው የቱንም ያህል ቢጠበቅ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል፤ የማያቋርጥ ብርቱ መብራት ከደረሰው ደግሞ በዚያ ረጅም ጊዜ ውስጥ ፊልሙ ላይ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። መፍትሔው ሁለቱን ብርሃኖች በጊዜ መለየት ነው። ይኸውም መዝጊያውን በጨለማ ከፍቶ የሰማዩን ብርሃን ቀስ በቀስ ማጠራቀም፣ ለሐውልቱ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ኃይለኛ ብርሃን መስጠት ነው። ይህን የኤሌክትሪክ ብልጭታ ከቤተ ሙከራ አውጥተው ለሥራ ካበቁት ሰዎች ዋነኛው አሜሪካዊው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሃሮልድ ኤጀርተን ናቸው።

ኤጀርተን በነብራስካ ግዛት በፍሪሞንት ከተማ ኤፕሪል 6 ቀን 1903 ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያደጉት በዚያው ግዛት በምትገኘው በትንሿ አውሮራ ነው። ፎቶግራፍ ማንሣትና ማጠብ ከአጎታቸው ተማሩ፤ የኤሌክትሪክን ሥራ ደግሞ በከተማዋ የመብራት ኃይል ድርጅት ተቀጥረው በእጃቸው ቀመሱት። የኋላ ሥራቸው ሁሉ የእነዚህ ሁለት የልጅነት ትምህርቶች ጋብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1925 ከነብራስካ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመርቀው ለአንድ ዓመት ያህል በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ከሠሩ በኋላ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወዳገለገሉበት ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ገቡ።

በዚያ የያዙት ጥናት ከፎቶግራፍ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። የኤሌክትሪክ መሥመር ድንገት ሲናወጥ የሲንክሮነስ ሞተር ተሽከርካሪ ክፍል ምን እንደሚሆን ለማወቅ ይመራመሩ ነበር። ሞተሩ በሚዞርበት ፍጥነት ዓይን ምንም ሊለይ አይችልም። ሆኖም በአካባቢው የነበሩት የጋዝ ቱቦዎች ብልጭ ድርግም ሲሉ ከሞተሩ ዙር ጋር እኩል በመሄዳቸው፣ የሚሽከረከረው ብረት የቆመ መስሎ ታያቸው። ብዙዎች አይተው ያለፉት ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ ኤጀርተን ግን መሣሪያ አደረጉት። በ1931 የዶክትሬት ማዕረጋቸውን ሲቀበሉ ስትሮቦስኮፑ በእጃቸው ነበር።

የመሣሪያው አሠራር ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። ካፓሲተር ቀስ በቀስ ይሞላል፤ ያጠራቀመውንም ጉልበት ጋዝ በያዘ የመስታወት ቱቦ ውስጥ በቅጽበት ይለቃል። በጠብታ የሞላን እንስራ በአንድ ጊዜ እንደ መድፋት ነው። ምንጩ ትንሽ ቢሆንም፣ የሚደፋበት ጊዜ እጅግ ስለሚያጥር ብርሃኑ ያስፈራል።

በ1939 የአሜሪካ ጦር የአየር ፎቶግራፍ ኃላፊ የነበሩት ሻለቃ ጆርጅ ጎዳርድ ይህ መብራት በአውሮፕላን ተጭኖ መሬትን በሌሊት ሊያሳይ ይችል እንደሆነ ጠየቁ። እስከዚያ ድረስ የሚሠራበት ዘዴ ከአውሮፕላን ተጥሎ አየር ላይ የሚፈነዳ የብርሃን ቦምብ ነበር። አውሮፕላኑ ሊሸከመው የሚችለው ቁጥር የተወሰነ ነው፤ ተቀጣጣይ ዱቄቱም ለተሸካሚው አደጋ ነው። የኤጀርተን መብራት ግን ካፓሲተሩ በሞላ ቁጥር ደጋግሞ ይበራል። እንቅፋቱ ሌላ ነበር። ብርሃን በርቀት ስኩዌር ስለሚቀንስ፣ አውሮፕላኑ ከፍታውን እጥፍ ቢያደርግ መሬት የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ወይ መሣሪያው እጅግ መክበድ ነበረበት፣ ወይ አብራሪው ለጠላት ተኩስ እስኪጋለጥ ዝቅ ብሎ መብረር። ኤጀርተንና ባልደረቦቻቸው በጦርነቱ ዓመታት ሲያሻሽሉ የቆዩት ይህንኑ ሚዛን ነው።

በ1944 መሣሪያው በእንግሊዝ አገር በስቶንሄንጅ ጥንታዊ ድንጋዮች ላይ ተፈተነ። አውሮፕላኑ በ450 ሜትር ገደማ ከፍታ እየበረረ የ50,000 ዋት-ሰከንድ ብልጭታ ለቀቀ። ይህም ባለ 100 ዋት አምፑል ከስምንት ደቂቃ በላይ በርቶ የሚወስደው ጉልበት ነው። ድንጋዮቹ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሬትም ተነሡ። ምድር ላይ ያለው ካሜራ መዝጊያው በጨለማ ተከፍቶ ብርሃኑን ከሰማይ ይጠብቅ ነበር። ካሜራው አጠገብ የተያዘ መብራት ቢሆን ኖሮ የቅርቡ ድንጋይ ነጥቶ የሩቁ በጨለማ ይዋጥ ነበር። የድንጋዮቹ ክብ ስፋት ግን 30 ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ከ450 ሜትር ለሚመጣ ብርሃን የቅርቡና የሩቁ ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በጥቁር ሰማይ ሥር ሁሉም እኩል በርተው፣ ጥላቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል። እስከ ዛሬ ከተነሡት የሌሊት ፎቶግራፎች ሁሉ ይህ የሚበልጥ ይመስላል፤ ዓላማው ግን ውበት አልነበረም።

ዓላማው የታወቀው ከኖርማንዲ ወረራ ዋዜማ ባሉት ሌሊቶች ነው። ከጥንት ጀምሮ ጨለማ የሠራዊት መሸሸጊያ ነበር፤ ጦር በሌሊት ይንቀሳቀሳል፣ ቀን ይደበቃል። የኤጀርተን መብራት የተጫነባቸው አውሮፕላኖች በጠላት መንገዶችና መገናኛዎች ላይ እየበረሩ ያን መሸሸጊያ አነሡ። ብልጭታው የሰከንድ አንድ ሺህኛ ቢቆይ፣ በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚሄደው 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ምስሉ አይደበዝዝም። ለዚህ አገልግሎታቸው በ1946 የነፃነት ሜዳሊያ ተሸለሙ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ እንደዚህ በቀላሉ የሚወደስ አይደለም። በ1947 ከሁለት የቀድሞ ተማሪዎቻቸው፣ ከገርምስሃውዘንና ከግሪየር ጋር ያቋቋሙት ኩባንያ ለአሜሪካ የኑክሊየር ቦምብ ሙከራዎች ዋና አገልጋይ ሆነ። በዚህ ጊዜ የብርሃን ችግር አልነበረም፤ ፍንዳታው ራሱ ከመጠን በላይ ያበራ ነበር። የጠፋው በበቂ ፍጥነት የሚዘጋ መዝጊያ ነው። ለዚህም ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው፣ በሚሊዮንኛ ሰከንድ የሚለካ ጊዜ ብቻ ብርሃን የሚያሳልፍ ካሜራ ሠሩ። በዚያ የተነሡት የእሳት ኳሶች ግሩም የቴክኒክ ውጤት ናቸው፤ ምን እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው ግን ሳይከብደው አያያቸውም።

የወተት ጠብታ ስትወድቅ የምትፈጥረውን ዘውድ ያሳዩበት ሥራቸው በ1937 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ለእይታ ቀርቧል። እሳቸው ግን ራሳቸውን ከመሐንዲስ በቀር ሌላ አድርገው አልቆጠሩም። ከ1953 ጀምሮ ከፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ ጋር እየሠሩ መብራታቸውን ኮከብም ፀሐይም ወደማይደርስበት ወደ ጥልቅ ባሕር አወረዱ፤ መርከበኞቹም ፓፓ ፍላሽ እያሉ ይጠሯቸው ነበር። የባሕር ወለልን በድምፅ ሞገድ የሚያስስ መሣሪያ በማሻሻልም የሰመጡ መርከቦችን ፍለጋ ረድተዋል። ከማስተማር ጡረታ ከወጡም በኋላ ከቤተ ሙከራቸው አልራቁም። ጃንዋሪ 4 ቀን 1990 በ86 ዓመታቸው እዚያው ኢንስቲትዩት ውስጥ፣ በመምህራኑ ክበብ ሳሉ አረፉ።