እቴጌ ጣይቱ ብጡልና የማጀት ሙያ

በየዓመቱ ስንመዘገብ በምንሞላው ቅጽ ላይ የእናት ሥራ የሚል አንድ መስመር አለ። አብዛኞቻችን በዚያ መስመር ላይ የቤት እመቤት ብለን እንጽፋለን። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን የምንጽፍበት ብዕርና ደብተር የተገዛው እናታችን ጠላ ጠምቃ፣ አረቄ አውጥታ ወይም ጥጥ ፈትላ በቢቸና ገበያ ባገኘችው ገንዘብ መሆኑን እናውቃለን። ለዚህ የበዓል መጽሔት የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ እቴጌ ጣይቱን የመረጥነው ስለዚህ ነው። የእርሳቸው ስም ሲጠራ ዐድዋ ይነሣል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። እኛ ግን አስቀድመን ወደ ማጀቱ መግባት ወደድን።

እቴጌ ጣይቱ ከደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያምና ከወይዘሮ የውብዳር በ1840ዎቹ ዓ.ም. ገደማ እንደ ተወለዱ ይታመናል። በወጣትነታቸው በአገራችን በጎጃም፣ በደብረ መዊዕ ተቀምጠው ንባብና ግእዝ እንደ ተማሩ ይነገራል። በገና ይደረድሩ፣ ሰንጠረዥም ይጫወቱ ነበር። ለሴት ልጅ ፊደል ማስቆጠር ብዙ ባልተለመደበት ዘመን ይህን ያህል መማራቸው ኋላ ለሠሩት ሥራ ሁሉ መሠረት ሆነላቸው። በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር ምኒልክን አገቡ፤ ምኒልክ በዚያን ጊዜ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። በ1879 ዓ.ም. በፍልውሃ አጠገብ ለተቆረቆረችው ከተማ አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያወጡት እርሳቸው ናቸው። በ1882 ዓ.ም. የእቴጌነት ዘውድ ጫኑ።

የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቤት በተከበረ ጊዜ እቴጌ ያሰናዱት ግብር ከግብሮች ሁሉ የሚጠቀስ ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በጻፉት የዐፄ ምኒልክ ታሪክ ውስጥ የወጡን ዓይነትና የመጠጡን ብዛት ሳይሰለቹ መዝግበውታል። እኛ ይህን ስናነብ በአሳባችን የመጣው የተጋባዡ ብዛት ሳይሆን የሥራው ስፋት ነው። ያን ሁሉ ዱቄት በእጅ ወፍጮ ማን ፈጨው? በርበሬውን ማን ደለዘው? ጌሾውን ማን ወቀጠው? ውሃውንስ በእንስራ ተሸክሞ ዳገት የወጣው ማን ነው? ሴቶች ናቸው። እንዲህ ያለውን ሥራ በቀን ለይቶ፣ በሰው ደልድሎ፣ ሳይጎድል ማስፈጸም ዛሬ አንድ ትልቅ ድርጅት ማስተዳደር ከምንለው አያንስም። በአማርኛችን ወጥ የምታውቅ ሴት ባለ ሙያ ትባላለች፤ ሐኪሙም መሐንዲሱም ባለ ሙያ ይባላሉ። ቃሉ አንድ ሲሆን ደመወዙ ለምን እንደ ተለያየ እኛ ብዙ ተከራክረንበት አልተስማማንም።

እውነቱን ለመናገር በቤተ መንግሥቱ ወፍጮ ቤት ከደከሙት ሴቶች ብዙዎቹ ደመወዝ የሌላቸው ነበሩ፤ ከባርነት ቀንበር በታች የነበሩም አሉባቸው። ስማቸውም አልተጻፈም። እቴጌን ስናመሰግን ይህን ብንደብቅ ታሪክ አጎደልን ማለት ነው።

በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ በተደረገው ዘመቻ እቴጌ የራሳቸውን ጦር ይዘው ወጡ። የመቀሌው ምሽግ በተከበበ ጊዜ ጠላት ውሃ የሚቀዳበትን ምንጭ ማስያዝ የእርሳቸው ምክር ነበረ። በዐድዋም ዕለት ሴቶቹ ውሃ ተሸክመው በተዋጊውና በቁስለኛው መካከል ተመላለሱ። ያው የዘወትር የሴት ሥራ፣ ውሃ መቅዳት፣ በዚያን ቀን የጦር ሥራ ሆነ።

ከድሉ በኋላ ዓለም ወደ አገራችን ቀረበ። የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ነጋዴውና መልእክተኛው በዛ። እንግዳን በየቤቱ ማሳደር የማይቻል ሆነ። ስለዚህ በ1900 ዓ.ም. የእቴጌ ሆቴል በአዲስ አበባ ተከፈተ። በዚያን ዘመን ጨዋ ሰው ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላት ያሳፍረው ነበርና መኳንንቱ እንዳመነቱ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው በልተውና ከፍለው እንዳደፋፈሩአቸው ይተረካል። ለእኛ ከታሪካቸው ሁሉ የሚበልጥብን ይህ ነው፤ በነጻ ይቀርብ የነበረው ወጥና እንጀራ ዋጋ ተቈረጠለት። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን፣ ሸማኔንና ብረት ቀጥቃጭን የሚሰድበውን ሰው የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ።

በሌላውም ዓለም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በጃፓን መንግሥት በ1865 ዓ.ም. በቶሚዮካ ያቋቋመው የሐር ፋብሪካ የተሞላው በልጃገረዶች ነበር፤ የዚያ አገር ሐር በዓለም ገበያ የተሸጠው በእነርሱ እጅ ነው።

ዛሬ በአገራችን የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ ለሴት ሠራተኛ መብቷ መሆኑን ይናገራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ደግሞ ለወላድ የ120 ቀን ፈቃድ ከነደመወዟ ሰጥቷል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ፈቃዱ አሠሪ ላላት ሴት ነው፤ ጠላ ጠምቃ የምትሸጥ እናት አሠሪዋ ራሷ ስለሆነች፣ በወለደች በጥቂት ሳምንት ውስጥ እንስራዋን ስታጥን እናያታለን።

ዐፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ እቴጌ መንግሥቱን ይመሩ ጀመር። መኳንንቱ ግን አልወደዱትምና በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን አራቁአቸው። በ1906 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ካረፉ በኋላ ወደ እንጦጦ ወጡ፤ በዚያም በጸሎት ተወስነው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ኋላም ዐፅማቸው ወደ በዓታ ቤተ ክርስቲያን ፈልሶ ከባለቤታቸው አጠገብ ዐረፈ። ሆቴላቸው በጥር ወር 2007 ዓ.ም. በእሳት ቢጎዳም ሥራውን ቀጠለ።

በዚህ ዓመት ቅጹን ስንሞላ ከመካከላችን አንዳንዶቹ የእናት ሥራ በሚለው መስመር ላይ ጠላ ጠማቂ፣ ፈታይ፣ ነጋዴ ብለን ጻፍን። መዝጋቢው መምህር መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አንድ ጊዜ አዩን፤ ግን አልሰረዙትም።