ሩዶልፍ ዲዝልና የነዳጁ ርጭት

በአገራችን ነዳጁን ናፍጣ ብለን ስለምንጠራው ዲዝል የሰው ስም መሆኑን የማያውቅ ብዙ ነው። ስለዚህ በዚህ ገጽ የዚህን ሰው ታሪክ በአጭሩ ልንጽፍ ወደድን። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሩዶልፍ ዲዝል በ1858 በፓሪስ ከተማ ከጀርመናውያን ወላጆች ተወለደ። አባቱ የቆዳ ሥራ ሠራተኛ ነበረ። በ1870 ጦርነት በተነሣ ጊዜ ቤተ ሰቡ ወደ ለንደን ተሰደደ፤ ልጁ ግን ለትምህርት ወደ አውግስቡርግ ወደ ዘመዶቹ ተላከ። በኋላም በሙኒክ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የበረዶ መሥሪያ መኪና ሊቅ የሆነው የካርል ፎን ሊንዴ ተማሪ ሆነ። የእንፋሎት ሞተር ከከሰሉ ሙቀት ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ብቻ ወደ ሥራ እንደሚለውጥ፣ የቀረው በከንቱ እንደሚጠፋ ከዚያ ተማረ። ይህም ነገር ከልቡ አልወጣም።

አየር አጥብቆ ሲጨመቅ ይግላል። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው ሁሉ ይህን በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል። እንግዲህ በሲሊንደር ውስጥ አየሩን እጅግ ጨምቀው ነዳጅ ቢያስገቡበት ያለ ብልጭታ በራሱ ይነዳል። በ1892 ዲዝል የፓተንት ጥያቄ ያቀረበው በዚህ አሳብ ነው።

አሳቡ ቀላል ይመስላል፤ ጭንቁ ያለው ነዳጁን በማስገባቱ ላይ ነው። ነዳጁ የታመቀውን አየር ግፊት አሸንፎ፣ ከአንድ ሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ እንደ ጉም ተበትኖ መግባት አለበት። ጠብታው ትልቅ ከሆነ በሙሉ ሳይነድ ይቀርና ጥቁር ጭስ ይወጣል። እጅግ ከደቀቀ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለውን አየር ሰንጥቆ መሄድ ስለማይችል በመርጫው አፍ ዙሪያ ይቀራል። በኃይል ቢወረወር የፒስቶኑን ራስ መትቶ ጥላሸት ይሆናል። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋ የሚያቃስት አሮጌ የጭነት መኪና ስናይ፣ ብዙ ጊዜ ያረጀው ይኸው መርጫ ነው።

በ1893 በአውግስቡርግ ፋብሪካ በተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ የግፊት መለኪያው ፈንድቶ ዲዝልን ሊጎዳው ጥቂት ቀረ። ነዳጁን በፖምፓ ብቻ ለማስገባት ሞከረ፤ አልሆነለትም። በመጨረሻ ከሲሊንደሩ ግፊት በሚበልጥ የታመቀ አየር እየነፋ አስገባው። በ1897 ፕሮፌሰር ሞሪትዝ ሽሬተር ሞተሩን ሲመረምር ከነዳጁ ሙቀት 26 በመቶ ያህሉን ወደ ሥራ ለውጦ ተገኘ። በዚያን ዘመን ይህን የሚያህል ሞተር አልነበረም።

ነገር ግን አየር የሚያምቀው ኮምፕረሰር ከባድና ውድ ከመሆኑም በላይ ከሞተሩ ጉልበት ይቀንስ ነበር። ስለዚህ ሞተሩ በፋብሪካና በመርከብ ሲሠራ፣ ዲዝል ለመኪና ያሰበው ትንሽ ሞተር ሳይሳካለት ቀረ። ከፓተንቱ ያገኘው ብዙ ሀብትም በክርክርና ባልቀናው ንግድ አለቀ።

በ1913 ሴፕቴምበር 29 ቀን ድሬስደን በተባለች መርከብ ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ አገር ሲጓዝ ማታ ወደ ክፍሉ ገባ፤ ጧት ግን አልተገኘም። ከጥቂት ቀኖች በኋላ አስከሬኑ በባሕር ላይ ታየ። ስለ ሞቱ የሚጻፈው ስለ ሥራው ከሚጻፈው መብዛቱ እኛን አያስደስተንም።

እርሱ ሞክሮ የተወውን መንገድ ሌሎች ቀጠሉበት። በ1924 ነዳጁ ያለ አየር ነፊ፣ በፖምፓ ግፊት ብቻ የሚረጭበት ሞተር በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ታየ። በ1927 ደግሞ በሽቱትጋርት የሮበርት ቦሽ ፋብሪካ ይህን ፖምፓ በብዛት መሥራት ጀመረ፤ ዲዝል ከሞተ 14 ዓመት ሆኖት ነበር።