ሲድኒ ፋርበር

ሲድኒ ፋርበር (1903 – 1973 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የሕፃናት ፓቶሎጂ ሐኪምና የካንሰር ተመራማሪ ነበሩ። የደም ካንሰር (ሉኪሚያ) ሕዋሳት ለመባዛት የሚያስፈልጋቸውን ቪታሚን እንዳይጠቀሙበት በማገድ በሽታውን መግታት እንደሚቻል ስላሳዩ፣ የዘመናዊ ኬሞቴራፒ አባት እየተባሉ ይጠራሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትውልድና ትምህርት

ፋርበር በ1903 በኒው ዮርክ ግዛት፣ በቡፋሎ ከተማ ከአይሁዳውያን ቤተሰብ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ከ14 ልጆች ሦስተኛው ነበሩ። የሕክምና ትምህርት በጀርመን ጀምረው በ1927 ከሃርቫርድ ሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቁ። በ1929 የቦስተን ሕፃናት ሆስፒታል የመጀመሪያው የሙሉ ጊዜ ፓቶሎጂስት ሆኑ።

የፎሊክ አሲድ ምርምር

በዚያን ጊዜ አጣዳፊ ሉኪሚያ የያዘው ሕፃን በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞት ነበር። ፎሊክ አሲድ የተባለው ቪታሚን አንዳንድ የደም ማነስ ዓይነቶችን እንደሚያድን ይታወቅ ስለነበር፣ ፋርበር የዚሁ ቪታሚን ዓይነቶች ለሉኪሚያ ሕሙማን እንዲሰጡ አደረጉ። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ሆነ፤ የካንሰሩ ሕዋሳት ይበልጥ ፈጥነው የተባዙ መሰለ። ፋርበር ከዚህ ተነሥተው፣ ቪታሚኑ በሽታውን የሚያፋጥን ከሆነ ቪታሚኑን ማገድ ሊያዘገየው ይችላል ብለው አሰቡ።

ሕንድ ተወላጁ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ የላፕራጋዳ ሱባራውና ባልደረቦቻቸው በሌደርሌ ኩባንያ ፎሊክ አሲድን የሚመስሉ ውህዶች ይሠሩ ነበር። ከእነዚህ አንዱ አሚኖፕተሪን ነው። መድኃኒቱ በሕዋሱ ውስጥ ቪታሚኑን ለሥራ የሚያዘጋጀውን ኢንዛይም ይይዛል፤ ሕዋሱም አዲስ ዲኤንኤ መሥራት ስለሚያቅተው መባዛት ያቆማል።

በ1948 በወጣው ጥናት አሚኖፕተሪን ከተሰጣቸው 16 ሕፃናት መካከል 10ሩ ተሽሏቸው ታየ። ሆኖም ፋታው ጊዜያዊ ነበር፤ በሽታው ተመልሶ ያገረሽ ነበር። መድኃኒቱም ጤነኛ ሕዋሳትን ስለሚጎዳ አፍ ያቆስል ነበር። በዚህ ምክንያት ብዙ ሐኪሞች ውጤቱን በጥርጣሬ ተመለከቱት።

በኋላ ዘመን

ፋርበር የሕፃናት ካንሰር ምርምር ማዕከል መሠረቱ፤ ለምርምሩም ጂሚ ፈንድ በተባለው ማኅበር አማካይነት ከሕዝብ ገንዘብ አሰባሰቡ። መጋቢት ወር 1973 በ69 ዓመታቸው አረፉ። ማዕከሉ ዛሬ ዳና-ፋርበር የካንሰር ተቋም ይባላል። የአሚኖፕተሪን ዘመድ የሆነው ሜቶትሬክሴት ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ተቀናጅቶ እስከ ዛሬ የሕፃናትን ሉኪሚያ ለማከም ያገለግላል፤ በዚህ ዓይነት ጥምር ሕክምናም ብዙ ሕፃናት ይድናሉ።