ከአሸንጌ እስከ ኦሜድላ፦ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስደትና የመጠበቅ እምነት

ከኮረም አምባ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ሲታይ አላማጣ፣ ዋጃና ቆቦ የተቀመጡበት የራያ ሜዳ ይዘረጋል። ይህ ሜዳ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ስሙ ብዙ ጊዜ አይነሣም። ሆኖም ዙፋኑን ያገኙበትም ሆነ ያጡበት ሰንሰለት በዚሁ አካባቢ ያልፋል። በ1921 እና በ1922 ዓ.ም. የተነሣውን የራያና አዘቦ ዐመፅ እንዲያበርዱ የታዘዙት ራስ ጉግሣ ወሌ ራሳቸው ወደ ዐመፅ ተሻገሩ፤ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ወደቁ። ከሁለት ቀን በኋላ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዐረፉ፤ ንጉሥ ተፈሪም ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ልክ በስድስተኛው ዓመት፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ እኒሁ ንጉሠ ነገሥት ማይጨው ላይ ተሸነፉ። የቀኑ መገጣጠም ለታሪክ ተመራማሪ ብዙ ላይነግረው ይችላል፤ ቀንን በቅዱሳን ስምና በእግዚአብሔር ፈቃድ ለሚቆጥር ማኅበረሰብ ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ አልነበረም።

ተፈሪ መኰንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ሐረርጌ፣ ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው፣ አባታቸው ራስ መኰንን ደግሞ በ1898 ዓ.ም. ሞቱባቸው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ከተባሉበት ቀን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ እስከጫኑበት ድረስ ዐሥራ አራት ዓመታት አለፉ። ይህ የመጀመሪያው የመጠበቅ ዘመናቸው ነው። በእነዚያ ዓመታት ሥልጣን በእጃቸው ነበረ፣ አልነበረምም፤ መኳንንቱን አንድ በአንድ እያለዘቡ፣ ኢትዮጵያን በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር አስገብተው፣ ጊዜውን ጠበቁ። ትዕግሥታቸውን አንዳንዶች ተንኰል፣ ሌሎች ጥበብ ብለውታል። ሁለቱም አተያዮች ማስረጃ አያጡም። በዚህ ጽሑፍ ትኩረት የሚሰጠው ግን ሁለተኛው የመጠበቅ ዘመን ነው፤ የመጀመሪያው ሹመትን እየጠበቁ ያለፈ ሲሆን ሁለተኛው የተቀበሉት ቅብዐ መንግሥት እውነት መሆን አለመሆኑ የተፈተነበት ነው።

የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ በቅባታቸው ምክንያት የማይደፈሩና የማይከሰሱ መሆናቸውን ደንግጎ ነበር። በዚህ ትምህርት መሠረት የተቀባ ንጉሥ ጥሪው ከሰው አይደለምና በሰው ሊሻር አይችልም። ማይጨው ይህን ትምህርት ከወረቀት ወደ ሜዳ አወረደው። ሠራዊቱ ወደ ኮረም ሲያፈገፍግ መጋቢት 26 ቀን በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ የጣልያን አውሮፕላኖች ቦምብና የመርዝ ጋዝ አዘነቡበት። ከቆላው የወጡ የራያና የአዘቦ ታጣቂዎችም የሚያፈገፍገውን ጦር አጠቁት። ጣልያኖች ብርና ጠመንጃ ማደላቸው የታወቀ ነው፤ ነገሩን በጉቦ ብቻ መተርጐም ግን ከስድስት ዓመት በፊት በዚያው ሕዝብ ላይ የተላከውን ጦር መዘንጋት ይሆናል።

ንጉሠ ነገሥቱ ከዚህ ሽብር መካከል መንገዳቸውን ወደ ላሊበላ አዞሩ። ጠላት በተረከዛቸው ሳለ ቀናትን በጸሎት ማሳለፋቸው በወታደራዊ ስሌት ሲታይ ኪሣራ ነው። ደሴ ሚያዝያ 7 ቀን በጠላት እጅ ስለወደቀች ቀጥተኛው መንገድ ተዘጋ፤ በፍቼ በኩል ዞረው ሚያዝያ 22 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ። ይሁን እንጂ የላሊበላው ቆይታ የኋለኛውን ውሳኔ ለመረዳት ቁልፍ ነው። እዚያ የገቡት የተሸነፈ ጦር አዛዥ ሆነው ነበር፤ ሲወጡ ግን ሽንፈቱን የነገሩ ፍጻሜ አድርገው እንዳልወሰዱት ቀጣዩ ሥራቸው ያሳያል።

በአዲስ አበባ የተሰበሰበው ምክር ቤት ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጄኔቭ ሄደው ለመንግሥታት ማኅበር አቤት እንዲሉ 21 ለ3 በሆነ ድምፅ ወሰነ። አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ነበሩ። የተቃውሞው መሠረት ቀላል አልነበረም፦ የኢትዮጵያ ንጉሥ በጦር ሜዳ ይሞታል እንጂ አገር ጥሎ አይወጣም የሚል የቆየ ልማድ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ፣ ዐፄ ዮሐንስ በመተማ የሞቱት በዚያ ልማድ ነው። ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወደ ጅቡቲ የተጓዙት ንጉሠ ነገሥት ይህን ልማድ ሰበሩ። ስለዚህ የስደቱ ዓመታት ጥያቄ ከመጀመሪያው ሁለት ፊት ነበረው፤ ንጉሡ እግዚአብሔርን እየጠበቁ ነው ወይስ ሸሽተዋል?

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ያሰሙት ንግግር በዓለም ተሰማ፤ ማኅበሩ ግን በቀጣዩ ወር በጣልያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሣ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ በተባለ ቤት የተቀመጡባቸው ዓመታት መጡ። ገንዘብ አለቀ፤ የብር ዕቃ ተሸጠ። ቤቱን በክረምት ማሞቅ ራሱ ችግር ነበር። ኬብል ኤንድ ዋየርለስ በተባለው ኩባንያ ላይ ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ዕዳ ለማስመለስ ያቀረቡት ክስ በመጀመሪያው ችሎት ተፈረደላቸው። በኅዳር 1931 ዓ.ም. ብሪታንያ የጣልያንን ድል በሕግ ስትቀበል ግን የይግባኙ ፍርድ ቤት ፍርዱን ገለበጠው፤ ገንዘቡ የጣልያን ንጉሥ ሆነ። በእንግሊዝ ሕግ ፊት ኃይለ ሥላሴ ከዚያች ቀን ጀምሮ የኢትዮጵያ ንጉሥ አልነበሩም። የቅባትን ትምህርት ለሚያምን ሰው ከማይጨው የማይተናነስ ፈተና ይህ ነበር።

የሞት ወሬም አላቋረጠም። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ ተረሸኑ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የከተማው ሕዝብ ተጨፈጨፈ፤ በግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ተገደሉ። ደጃዝማች በየነ መርዕድ፣ የልዕልት ሮማነወርቅ ባለቤት፣ በዚያው የካቲት ወደቁ፤ ልዕልቲቱ ራሳቸው ተግዘው በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ በጣልያን አገር ሞቱ። የስደቱ ዋና አማካሪ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መስከረም 1931 ዓ.ም. ባዝ ላይ ዐርፈው በዚያው ተቀበሩ። እቴጌ መነን ብርዱን ባለመቻላቸው ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፤ ኢትዮጵያ ነፃ ከወጣች ዘውዳቸውን ለቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ሊሰጡ ተሳሉ፤ ስእለታቸውንም ኋላ ፈጸሙ።

ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ሁሉ መካከል ያደረጉት ነገር ሲታይ መጠበቅን እጅ አጣጥፎ እንደመቀመጥ እንዳልተረዱት ግልጽ ነው። የዘወትር ጸሎታቸውን አላጓደሉም። በ1929 ዓ.ም. ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ የተባለውን መጽሐፍ ማዘጋጀት ጀመሩ፤ የመጀመሪያው ክፍል የታተመው ግን በ1965 ዓ.ም. ነው። መንግሥት የሌለው ንጉሥ የመንግሥቱን ታሪክ መጻፉ ራሱ የእምነት መግለጫ ነው፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ማስታወሻ ሊጽፍ ይችላል፤ እርምጃ የሚል ርእስ ግን አይሰጠውም። ወደ አገር ቤት ከአርበኞች ጋር ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር፤ በ1931 ዓ.ም. ሎሬንሶ ታእዛዝ በድብቅ ጎጃም ገብተው የአርበኞችን ሁኔታ አጣርተው ተመለሱ።

በሌላ በኩል ተቃዋሚዎቻቸው ያነሡት ጥያቄ በእነዚህ ተግባራት ብቻ አይመለስም። ራስ ዐበበ ዐረጋይ በሸዋ፣ በላይ ዘለቀ በጎጃም፣ ሌሎችም በየዱሩ በጠበቁበት ጊዜ ረኃቡና ጥይቱ የእነርሱ ነበር። ንጉሡ ባይሰደዱ ኖሮ የሕግ ቀጣይነት አይኖርም ነበር የሚለው ክርክር ጠንካራ ነው፤ አርበኞች ባይዋጉ ኖሮ የሚመለሱበት አገር አይኖርም ነበር የሚለው ግን ከዚያ ይጠነክራል።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጣልያን በብሪታንያ ላይ ጦርነት አወጀች። አራት ዓመት የተዘጋው በር በአንድ ቀን ተከፈተ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ወር በአውሮፕላን ወደ እስክንድርያ፣ ከዚያም ወደ ሱዳን ተጓዙ። በካርቱም ግን ሌላ ስድስት ወር መጠበቅ ነበረባቸው፤ የሱዳን የእንግሊዝ ሹማምንት መምጣታቸውን አልወደዱትም፣ የጦር መሣሪያውም ዘገየ። ይህ የመጨረሻው መዘግየት ከባዙ ይልቅ ሳያስመርራቸው አልቀረም፤ አገራቸው በቅርብ ነበረች። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማውን ሰቀሉ። ከኮሎኔል ዊንጌት ጦርና ከጎጃም አርበኞች ጋር ዘልቀው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ፤ ጣልያኖች ከተማዋን ከያዙ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያችው ዕለት። ያን ቀን ሕዝቡ በጣልያኖች ላይ ቂም እንዳይወጣ አዘዙ።

የራያ ሜዳ ሰዎች ግን በዚህ ፍጻሜ ውስጥ ቦታ አላገኙም። በ1935 ዓ.ም. በተነሣው የወያኔ ዐመፅ ራያና አዘቦ ተሳተፉ፤ ዐመፁ የተሸነፈው በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ድብደባ ጭምር ነው። ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ ሲነሣ ከዋጃና ከቆቦ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር የተሰበሰቡት ርኁባን ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መውደቅ አንዱ ምክንያት ሆኑ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወረዱ። በእስር ላይ ሆነው ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ሞቱ፤ ዐፅማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ የወጣው በ1984 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ከሞቱ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ፣ ግንባታው በወረራው ተቋርጦ ከነፃነት በኋላ በተፈጸመው የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከእቴጌ መነን ጎን ተቀበሩ።