እቴጌ ጣይቱ በሕመም አልጋ አጠገብ

እቴጌ ጣይቱ ብጡል በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ተጋቡ። በ1882 ዓ.ም. ባለቤታቸው በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ እርሳቸውም እቴጌ ተባሉ፤ በዓድዋም ሠራዊታቸውን ይዘው ዘመቱ። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከፋን በ1889 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሥር ባስገቡ ጊዜ እቴጌዪቱ በታላቅ ሥልጣን ላይ ነበሩ።

ኋላ ግን በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ደዌ ተደጋገመ፤ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያም ከባድ ሕመም ወድቆባቸው አካላቸውንና አንደበታቸውን አሰረ። በመጋቢት ወር መኳንንቱ መክረው የእቴጌዪቱን ሥልጣን ወሰዱና ባላቸውን ማስታመሙን ብቻ ተዉላቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ አስታማሚዪቱ ወደ እንጦጦ ተሰደዱ፤ በዚያም የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ዛሬ ሁለቱ በአዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ገዳም በአንድነት ያርፋሉ።

ምእመናን ሆይ፣ ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንማር። አንደኛው፣ ዘውድ ሲወሰድ እንኳ የሕሙሙ አልጋ ክብር አይወሰድም፤ ሽማግሌ አባቱን የሚጦር፣ አሮጊት እናቱን የሚመግብና የሚያጥብ ሰው የተናቀ ሥራ አልያዘም። ሁለተኛው፣ አስታማሚም አስታማሚ ያሻዋል። ስለዚህ በቦንጋም ሆነ በከፋ ገጠሮች አንዲት ልጅ ወይም አንዲት ሚስት ብቻዋን እንዳትደክም፣ አንዱ ሌሊቱን ይንቃ፤ ሌላው ውኃ ይቅዳ፤ ጎረቤትም ገብቶ ያሳርፋት። ሕሙሙ ካረፈ በኋላም አስታማሚዋን አንርሳት።