ማሳኦካ ሺኪ፤ ከሕመም አልጋ ላይ የታየ ዓለም

ጃፓናውያን ሃይኩ የሚሉት ግጥም በሦስት ሐረግ ተጀምሮ በሦስት ሐረግ የሚያልቅ ነው። የድምፅ ምጣኔው አምስት፣ ሰባትና አምስት፣ በድምሩ 17 ሲሆን እንደ አማርኛ ግጥም ቤት አይመታም፤ ወቅትን የሚያመለክት ቃል ግን በልማድ አይታጣበትም። ይህ ግጥም ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያስለመደለትና ከአሮጌ ድግግሞሽ አላቆ አዲስ ጎዳና ያስያዘው ማሳኦካ ሺኪ ነው።

ሺኪ እ.ኤ.አ. በ1867 ሺኮኩ በምትባለው ደሴት፣ በማትሱያማ ከተማ፣ ከዝቅተኛ የሳሙራይ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ እናቱ ስፌት እያስተማረች አሳደገችው፤ አያቱም የቻይናን ጥንታዊ ድርሳናት አስተማረው። በ1883 ለትምህርት ወደ ቶኪዮ ሄደ፤ በዚያም ኋላ ስመ ጥር ደራሲ ከሆነው ከናትሱሜ ሶሴኪ ጋር ወዳጅነት መሠረተ።

በ1889 ደም ተፋ። በዚያን ጊዜ ነው ሺኪ የሚለውን የብዕር ስም የመረጠው፤ ይኸውም ደም እስኪተፋ ድረስ ይዘምራል ተብሎ የሚተረክለት የአንድ ወፍ ስም ነው። ሮበርት ኮህ የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስ ካገኘ ሰባት ዓመት ቢሆነውም፣ በሽታውን የሚፈውሰው ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው በ1943 ነውና ሐኪም ሕመሙን ከመንገር አልፎ ሊያድነው አይችልም ነበር።

ሺኪ ዩኒቨርሲቲውን ትቶ በ1892 ኒፖን በተባለው ጋዜጣ ሥራ ያዘ። በጋዜጣውም ላይ፣ እንደ ቅዱስ ይከበር የነበረውን ባሾን ሳይቀር በድፍረት ተቸ፤ እምብዛም ያልታወቀውን ቡሶንን ደግሞ ከፍ አደረገ። ከሠዓሊ ወዳጁ የተማረውን የአውሮፓውያንን የንድፍ ዘዴ ወደ ግጥም አመጣ። የትምህርቱም ፍሬ ነገር፣ ገጣሚ አስቀድሞ ከሰማው ውብ ቃል ሳይሆን በዓይኑ ካየው ነገር ይነሣ የሚል ነበር።

በ1895 ወዳጆቹ እንዳይሄድ ቢመክሩትም የጦርነት ዘጋቢ ሆኖ ወደ ቻይና ዘመተ፤ ሲደርስ ግን ጦርነቱ ያበቃ ያህል ነበር። ሲመለስ በመርከብ ላይ ደም ተፋ፤ በማግሥቱ ዓመትም በሽታው ወደ አከርካሪ አጥንቱ መዝለቁ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ቶኪዮ ውስጥ በነበረው ትንሽ ቤቱ የአልጋ ቁራኛ ሆነ። በእግሩ ሲሄድ ያስተማረው ትምህርት አሁን በራሱ ላይ ተፈተነ፤ ለዓይኑ የቀረለት ዓለም ክፍሉና የአትክልት ቦታው ብቻ ነበርና። በ1899 የክፍሉ ወረቀት መዝጊያ በመስተዋት ተተካለት፤ ተኝቶ አበባውንና ወፉን ለማየት ቻለ።

ሕመሙን በትዕግሥት ብቻ ተቀበለው ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። ቁስሉን በየቀኑ የምታጥብለትንና ፋሻውን የምትቀይርለትን እኅቱን ሪትሱን በማስታወሻው ክፉኛ ወቅሷል፤ ያለእርሷ መኖር እንደማይችልም በዚያው አምኗል። ነፍሱን ለማጥፋት የተፈተነበትን ቀን እንኳ አልደበቀም። በአበባው ላይ ያልዋሸ ዓይን በራሱም ላይ አልዋሸም።

በ1902 የጻፈው ተከታታይ የጋዜጣ ጽሑፍ አርእስቱን ያገኘው ከአልጋው ርዝመት ነው፤ ስድስት ሻኩ፣ ማለትም 1.8 ሜትር ያህል። ሕመሙ በሞርፊን ሲታገሥለት የፍራፍሬና የአበባ ሥዕል ይሥል ነበር። ጽሑፉ ሊሞት ሁለት ቀን እስኪቀረው ድረስ ታትሟል።

በመስከረም 18 ቀን 1902 ሰዎች እየደገፉት ሦስት የመጨረሻ ሃይኩዎችን ጻፈ። ሦስቱም የተነሡት በደጁ ከተተከለ ቅል መሰል ሐረግ ነው፤ የሐረጉ ውኃ አክታን ያቀልላል ተብሎ ለሕሙማን ይሰጥ ነበር። በማግሥቱ ሌሊት በ34 ዓመቱ ዐረፈ። ከ20 ሺህ በላይ ሃይኩዎችን ትቷል። በወዳጆቹ እጅ የቆመው ሆቶቶጊሱ የተባለው መጽሔት ደግሞ በ1905 የሶሴኪን የመጀመሪያ ልብ ወለድ ማተም ጀመረ።